ከእንየው ጎን የተቀመጠው ሰው

ድንኳኑ ውስጥ ሐዘንተኛ ሆነው የተቀመጡት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሰው የሚያጽናናው ግን አንዱን ብቻ ነው።

ለእናታቸው ለሽቱ ከግምጃ ቤት ከተማ ማዶ የሚመጣው ለቀስተኛ ገና ከአጥሩ በር ጀምሮ "ወይኔ ሽቱ! ወይኔ የኔ እናት!" እያለ ይገባል። እንየው ይነሣል። አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ይንሰቀሰቃሉ። ከዚያ ለቀስተኛው እንባውን በጋቢው ጫፍ ይጠርግና ወደ ታላቅየው ወደ መሳፍንት ዞር ብሎ፣ ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ እንዳገኘው ሰው፣ "መምህር፣ እንዴት ከረምክ? ዳንግላ ደህና ነው?" ይለዋል።

"ደህና ነው" ይላል መሳፍንት። ሌላ ምን ይበል? ዳንግላ ደህና ነው።

ክፋት አይደለም፤ ልክ ያለፈ ጨዋነት ነው። አባታቸው የሞቱ ጊዜ መሳፍንት ጌታን ከተቀበለ ገና ዓመቱ ነበር። ድንኳኑ መሃል ቆሞ "ማልቀስ ተስፋ ለሌላቸው ነው! እኛ አናለቅስም!" ብሎ ሰበከ። ለቅሶ ላይ የተሰበከን ማን ይረሳል? መንደሩም ቃሉን አክብሮ ያዘ። ዛሬ እናቱ ስትሞት፣ ሃይማኖቱን እንዳይዳፈር ብሎ አንድም ሰው አብሮት አላለቀሰም።

መሳፍንት ደግሞ ከዚያ ወዲህ ተምሯል። ዳንግላ በማታው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ብሉይ ኪዳን ያስተምራል። "ሐዘን በዕብራውያን ዘንድ" የሚለው ትምህርት ላይ ተማሪ አያንቀላፋም፦ ያዕቆብ ለልጁ ልብሱን ሲቀድና ማቅ ሲታጠቅ፣ የኢዮብ ወዳጆች ትቢያ ነስንሰው ከመሬት ሲቀመጡ። "እነዚህ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው አይደለም" ይላል ጠመኔውን እያወዛወዘ፣ "ፍቅራቸው መውጫ አጥቶ ነው!" ይህ ስብከቱ ግን እስከ መንደሩ አልደረሰም።

መቀመጡ ሲያንገበግበው ወደ ጓሮ ዞረ። ከቀርከሃው ጀርባ ማንም እንደሌለ አየና፣ እንደ ያዕቆብ፣ የኮቱን ደረት በሁለት እጁ ይዞ ሳበ። አልተቀደደም። በጥርሱ ሞከረ። ከባሕር ዳር የተገዛ ፖሊስተር ነው፤ ለሐዘን ታስቦ አልተሠራም።

"መምህር፣ ቁልፍ ተበጥሶብህ ነው? መርፌ ላምጣ?"

ጉሮሮዋን በውሃ ልታርስ የወጣችው አልቃሿ ውብአየሁ ነበረች።

"እትዬ ውብአየሁ፣ እኔንም ያስለቅሱኝ።"

"ምን አልክ?"

"ሙሾ ሲያወርዱ የሚጠሩት የእንየውን ስም ብቻ ነው። የኔንም ይጥሩልኝ።"

"ውይ! አባትህ የሞቱ ለት 'ዝም በይ' ያልከኝ አንተ አይደለህም? ድፍን አገር ፊት!"

"እኔ ነኝ።"

"ያንተ ሰዎች ቢሰሙስ? አያባርሩህም?"

"ያባርሩኝ።"

ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። "እሺ፣ ምን ልበልልህ? ለእንየው እንደሁ ሞልቶልኛል። ያረሰላት እሱ፣ ሐኪም ቤት ያመላለሳት እሱ፣ ዓይኗን የከደነላት እሱ። አንተስ?"

መሳፍንት አሰበ። ይደውል ነበር፤ ኔትወርኩ ግን ይቆራረጣል። ይህ ለሙሾ አይሆንም።

"ስትጠራኝ አልመጣሁም" አለ በመጨረሻ። "እሱን ይበሉት።"

"ሰው ፊት?"

"ሰው ፊት።"

ውብአየሁ ተመልሳ፣ ክብ ሠርተው ደረታቸውን ከሚመቱት ሴቶች መሃል ገባች። ሙሾውን በአገሩ ቋንቋ በአውኚ አወረደችው፤ ሽቱ በሩን በሩን እያየች፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር "መሳፍንት ነው፣ ክፈቱለት" እያለች መሞቷን። መሳፍንት የሰበከው በአማርኛ ነበር፤ ይህ የመጣበት በእናቱ አፍ ነው። እመሬት ላይ ዘፍ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ።

ሙሾው ቀጥ አለ። ጴንጤ ሲያለቅስ አይቶ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ምን እንደሚደረግ መንደሩን ግራ ገባው።

"ኧረ ውሃ አምጡ!" አለ አንዱ።

"ታሞ ነው እንጂ! ባጃጅ ጥሩ!" አለ ሌላው።

ማንም አልቀረበውም። እንየው ተነሥቶ መጣና አጠገቡ ቆመ።

"ምን ሆነሃል?"

"እናቴ ሞተች" አለ መሳፍንት።

እንየው ጎንበስ ብሎ እጁን ጨበጠው።

"እግዜር ያጥናህ፣ መምህር" አለው፤ ወደ ቦታውም ተመልሶ፣ በአጥሩ በር እየጮኹ የሚገቡትን ለቀስተኞች ሊቀበል ቆመ።