«ጠብቁ» ያለው ሰርቨር

ወለተ ሥላሴ ከማለዳ ጀምረው ደጅ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። የደባርቅ በቅሎ አከራዮች ሊቀ መንበር ገሠሠ፣ የልጅ ልጃቸው ሠርካለም የሠራችውን የስልክ ፕሮግራም ሊያይ ይመጣል። ከወደደው ልጅቱ እዚሁ ትቀጠራለች፤ ካልወደደው ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ትወርዳለች። እዚያ ደግሞ ማን አላት? በልተሻል ወይ የሚላት ማን ነው?

ፕሮግራሙ ወደ ተራራው የሚወጣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሩቅ ያለውን ሰርቨር «ተራው የማን በቅሎ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም ስም ይመልሳል። በበቅሎ ተራ ስንቱ ተኳርፏል!

ገሠሠ ገብቶ እጅ ነሣና «እስቲ እንየው» አለ። ሠርካለም ቁልፉን ነካች። ስልኩ ዝም።

«ኔትወርኩ ነው» አለች።

«ደግመሽ ንኪው እንጂ!» አሉ አያቷ። «ሰው ደጅ ቆመሽ አንዴ ‹ቤቶች› ብለሽ ትተያለሽ?»

«ራሱ ይደግማል፣ እምዬ። መልስ እስኪያገኝ አያርፍም።»

ገሠሠ ሳቀ። «እማማ፣ በእርስዎ አምሳል ነዋ የሠራችው!»

ሠርካለም ላፕቶፗን ከፍታ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ጥያቄው ተደራርቦ ነበርና ሰርቨሩ 429 ብሎ መልሷል፤ ጥያቄ በዝቷል፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ ማለት ነው። እሷ ግን ስትጽፈው፣ «ይኸው» ከሚለው ከ200 በቀር ሌላውን ቁጥር ሁሉ እንደ ዝምታ እንዲቆጥር አድርጋዋለች። ስለዚህ «ጠብቁ» በተባለ ቁጥር ፕሮግራሙ መልሶ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም መልሶ «ጠብቁ» ይላል።

ነገሩን ስታስረዳው ገሠሠ ራሱን ነቀነቀ። «እኛም ዘንድ ተራ የሚጋፋ ባለበቅሎ አለ። መጨረሻ ላይ ነው የምናሰልፈው።»

«ሰርቨሩም የእኔን ፕሮግራም እንደዚያው ነው ያደረገው» አለች አንገቷን ደፍታ። ወዲያው ጥቂት መስመር ጨመረች፦ መልሱ 429 ከሆነ የተባለውን ያህል ጠብቅ፤ ለያዘህም ሰው ንገረው። ስልኩ ላይ «ጥያቄ በዝቷል፤ አንድ ደቂቃ ይታገሡ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ወለተ ሥላሴ ስድስተኛ ክፍል ደርሰዋል፤ ጽሑፉን አነበቡት፣ ደግመውም አነበቡት። ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል ብለው አያውቁም። ጣታቸው ወደ ቁልፉ ተንቀሳቀሰች።

«እምዬ!»

«መች ነካሁ?» እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ቀበሩ።

ስሙ መጣ፦ ደርቤ።

ገሠሠ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ልክ ነው። ገብረ ክርስቶስ ትናንት ወጥቷል፤ ተራው የደርቤ ነው።» ወደ ሠርካለም ዞረ። «ዝም ቢል ኖሮ ባለበቅሎዎቼ ስልኩን ከግንብ ጋር ያጋጩት ነበር። ጠብቁ ካላቸው ግን ይጠብቃሉ። ከነገ ጀምረሽ ቢሮ ነይ።»

«ተመስገን!» አሉ ወለተ ሥላሴ፤ ወዲያውም ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ግን ያ ቢሮ ብርዱ አይጣል ነው ይላሉ። ጋቢ ደርባ ብትመጣ ነውር አለው?»