የበሩ ድንጋይ

«ያ ኡም ሳራ፣ ጨርቁን ንከሺው! ይሰሙሻል» አለቻት ሱዳናዊቷ ጎረቤቷ ከውሰር፣ በዐረብኛ «የሳራ እናት» ብላ እየጠራቻት፣ እያንሾካሾከች።

ወሰንየለሽ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ባሏ በለጠ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጦርነት ባለበት በካላክላ ሰፈር ግን እሪ ብሎ ማልቀስ ቀርቷል። የመንገዱ ጫፍ ላይ ታጣቂዎች ኬላ አቁመዋል፤ ድምፅ ከሰሙ ይገባሉ። ለቀስተኞቹ ደረታቸውን የሚመቱት ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብለው ነው።

በለጠን ውሃ ሊቀዳ በወጣበት ተባራሪ ጥይት መታው። የመቃብሩ መንገድ ስለተዘጋ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ፣ ኒም ዛፍ ሥር ቀበሩት።

አብሯቸው በስደት የኖረው ጀምበሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ወሰን፣ ወደ ኮስቲ ከተማ የሚያወጣን ሎሪ ነገ ማለዳ ነው። ሾፌሩ ከእንግዲህ አልመለስም ብሏል።»

«አልሄድም።»

«ለልጅቷ ስትይ እንኳ...»

«ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲጠብቅ ኖረ። እሱን ማን ይጠብቀው?»

ጀምበሬ፣ «ነፍሱን ይማረው፤ ደግሞ ምን ጠበቀ!» አለ። «አል-ማንሺያ ሰፈር ሌባ አጥር ሲዘል አይቶ፣ ‹ቀስ በል ወንድሜ፣ ሚስማር አለ› ያለ ዘበኛ እኮ ነው!»

ለቀስተኞቹ ሳቃቸውንም በነጠላ አፈኑት።

እውነት ነው፤ በለጠ ደፋር አልነበረም። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ፣ አመሻሽ ላይ ትልቅ ድንጋይ ገፍቶ የግቢውን በር ሲያስደግፍበት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ፈራህ እንዴ?» ትለዋለች።

«አዎ። ድንጋይ የሚገፋው ግን በእጅ ነው፤ ልብ ቢፈራም ይፍራ።»

ከዚያ አጠገቧ ይቀመጥና ወንጌሉን ጭኗ ላይ ይዘረጋል። ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። ስትደናቀፍ፣ «አትቸኩዪ፣ ቃሉ የትም አይሄድም» ይላታል።

የሰልስቱን ጸሎት የሚያደርስ ቄስ አልተገኘም፤ ሁሉም ሸሽተዋል። «ወትሮ የሚያነብልን በለጠ ነበር» አለ ጀምበሬ።

«እማ ትችላለች» አለች ልጇ ሳራ።

ወሰንየለሽ ሰው ፊት አንብባ አታውቅም። የትንሣኤውን ታሪክ ገልጣ በጣቷ እየተከተለች ጀመረች። ሴቶቹ ሽቱ ይዘው በማለዳ ወደ መቃብሩ ይሄዳሉ፤ ድንጋዩን ማን ያንከባልልልናል ብለው ይጨነቃሉ። ሲደርሱ ተንከባልሎ አገኙት። የሚፈልጉት ግን እዚያ አልነበረም፤ ተነሥቶ ወደ ገሊላ ቀድሟቸዋል ተባሉ። እነሱም እየተንቀጠቀጡ ሄዱ።

እዚህ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ፈርተው ነው የሄዱት?»

«እንደዚያ ነው የሚለው» አለ ጀምበሬ።

«ግን ሄዱ።»

«ሄዱ፣ እትዬ።»

ማለዳ የሎሪው ሞተር ከሩቅ ተሰማ። ከኬላው በኩል ተኩስ ጮኸ፤ ሳራ ጥቅሏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ወሰንየለሽ ጎንበስ ብላ የበሩን ድንጋይ ገፋችው። አልነቃነቅ አላት። ደግማ ገፋችው። ጀምበሬ ሊያግዛት ሲጠጋ በክርኗ መለሰችው። ድንጋዩ እየተንገዳገደ ተንከባለለ፤ ኒሙ ሥር፣ በለጠ ራስጌ አደረሰችው።

«ያላ፣ ሂጂ» አለቻት ከውሰር፣ ትንሽ ጀሪካን ይዛ። «እኔ አለሁ። እንደ እኛ ልማድ መቃብሩ ላይ ውሃ አፈስለታለሁ።»

በሩ ክፍት ነው። ወሰንየለሽ መዳፏ ላይ የቀረውን አፈር ሳታራግፍ፣ በሚንቀጠቀጠው እጇ የሳራን እጅ ያዘች።