የጠበበው ጉርድ

ሴት ልጁ መክሳቷን መጀመሪያ ለልብስ ሰፊው የነገረው ሜትሩ ነው።

ትምህርት ሲከፈት የሰፋላትን ጉርድ በሁለተኛው ወር፣ "አባዬ፣ ወገቡ ሰፍቶኛል፣ አጥብብልኝ" ብላ አመጣችው። አራት ሳንቲሜትር ቀነሰላት። በዚያ ዕድሜ ልጅ ሲረዝም እንደሚቀጥን ያውቃል፤ ስንቱን ልጅ ለክቷል። ወር ተኩል ሳይሞላ ግን ያንኑ ጉርድ ይዛ ተመለሰች።

ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለእናቷም ለአባቷም አንድ ናት። የዕረፍቱን ወራት ስልኳ ላይ ስለ ጤናማ አመጋገብ ስታነብ ከረመች። መጀመሪያ ስኳር ተወች፣ ቀጥሎ ዘይት፣ ከዚያ ዳቦ፣ ከዚያ እንቁላልና ሥጋ። ካሮቷን ስስ አድርጋ ቆራርጣ በዕቃ ትይዛለች፤ ትልቅ የውኃ ጠርሙስ ከእጇ አይለይም። ያየ ሁሉ አመሰገናት። እናቷ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ለሥራ ባልደረቦቿ ደረቷን ነፍታ፣ "የሰው ልጅ ከረሜላ ካልገዛችሁልኝ ብሎ ያለቅሳል፣ የእኔዋ ሰላጣ አለቀ ብላ ታኮርፋለች" ትል ነበር።

ቀድሞ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የአባቷን ምሳ ይዛ ሱቁ ትመጣና፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ጨርቅ ገለል አድርገው ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ባይ ነው። አሁን ግን "እቤት በልቻለሁ" ትልና ሳህኑን አስቀምጣለት ትሄዳለች። ብቻውን ሲበላ እህሉ አልወርድ ይለዋል። ልጅ ሲያድግ የአባቱ ሱቅ ይጠበዋል ብሎ ራሱን አጽናና።

ለሁለተኛ ጊዜ ሊለካት ሜትሩን ወገቧ ላይ ሲያዞር ጣቱ አጥንት ነካ። ውጭ ፀሐዩ ይጋረፋል፤ እሷ ሹራብ ደርባለች።

"አላጠብበውም" አለ።

"ለምን?"

"ጉርዱ ምንም አልሆነም።"

መልስ ሳትሰጠው አጥፋ ይዛው ሄደች። በማግስቱ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ ለበሰችው።

የዚያን ዕለት ሚስቱ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ጠየቃት። "ይቺ ልጅ ትበላለች?"

"ምን ማለትህ ነው? ምሳ ካንተ ጋር ትበላለች፤ እኔ ስመጣ ገና ከምሳው አልራበኝም ትለኛለች።"

"እኔ ጋ አትበላም። እቤት በልቻለሁ ነው የምትለኝ።"

"እቤት ማን አለና?"

ሦስት ሰው በሚኖርበት ቤት ለካ ማንም ማንንም ሲበላ አያይም።

ሲጠይቋት ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "የሰው ልጅ ሱስ ይዞት ዝም ይባላል፤ እኔ ጤናዬን ስጠብቅ በሽተኛ አደረጋችሁኝ" አለችና በሯን ዘጋች። አባትየው እውነቷን ይሆን ብሎ ተጠራጠረ። አትክልት መብላት ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው? ቢሆንም በሳምንቱ ሥራ አስፈቅደው ሐኪም ዘንድ ወሰዷት።

ሐኪሟ መዝና፣ ልቧን አዳምጣ፣ ወላጆቹን ደጅ አስወጣቻቸው። ባልና ሚስት አግዳሚ ወንበሩ ላይ መሃላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ተቀመጡ። ሲጠሩ ገቡ።

"ሲጀመር ለጤና ብላ ይሆናል" አለች ሐኪሟ። "አሁን ግን ምግብ እየፈራች ነው። ይኼ በሽታ ነው፤ ይድናል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል።" ወደ ልጅቷ ዞረች። "ለእኔ ያልሽኝን ልትነግሪያቸው ትፈልጊያለሽ?"

ልጅቷ ጫማዋን እያየች፣ "አባዬ ደንበኞቹ ፊት ድንቡሼ ሲለኝ" አለች፣ "ሁሉም ዞረው ያዩኝ ነበር።"

ድንቡሼ ጥርስ ሳታወጣ ጀምሮ የሚጠራት ስም ነው። ድንቡሽቡሽ ያለ ጉንጭ ነበራት፤ በአፉ ከዚያ የሚጣፍጥ ስም አልነበረም። "እኔ እኮ..." ብሎ ጀመረና ተወው።

"አንድ ቃል ብቻውን ሰው አያሳምምም፤ ራስዎን አይክሰሱ" አለችው ሐኪሟ። ሰማት፤ ያንን ስም ግን ዳግመኛ አልጠራትም።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሱቁን ዘግቶ ቤት ይሄዳል። ራቱን እናትየው ፈረቃ አስለውጣ ያዘችው። አብራችሁ ብሉ፣ ማንኪያዋን አትቁጠሩ፣ ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ ሌላ አውሩ ተብለዋል። ልጅቷ በየሳምንቱ ትመዘናለች፤ አንዱን ሳምንት ትጨምራለች፣ አንዱን ትቀንሳለች። አንድ ቀን ሩዟን በሶፍት ጠቅልላ ስትደብቅ አያት። "ሌላ ላምጣልሽ" አላት። አለቀሰች፤ እስኪወጣላት አጠገቧ ተቀመጠ።

ከሁሉ የከበደው ወሬው ነው። ምን ብሎ እንደሚጠራትም አያውቅም። በስሟ ሲጠራት ክፍል ገብቶ ስም የሚጠራ መምህር የሆነ ይመስለዋል። "አንቺ" ይላታል፣ ወይም ጉሮሮውን ይጠርጋል። ማሽኑ ላይ ሆኖ ደግሞ ለነገ ምሳ የሚሆን ወሬ ይፈልጋል።

አንድ ቀን፣ "ዛሬ አንድ ሰውዬ መጣ" አላት። "የሠርግ ኮት አዞኝ ነበር። ሙሽሪት ሐሳቧን ለውጣ ሠርጉ ቀርቷል። እሱ ግን በቀጠሮው ያለቀውን ኮት ሊለካ መጣ። ምነው ስለው፣ ሠርጉ ቢቀር ኮቱ ምን አጠፋ አለኝ።"

ልጅቷ ቀና አለች። ሳቀች አይባልም፤ የከንፈሯ ጫፍ ግን ነቅነቅ አለ።

"ከዚያስ?"

"ለብሶት ወጣ። መንገዱን እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት። ልክክ ብሎለታል።"

"ብቻውን?"

"ብቻውን።"

ትንሽ አሰበችና ማንኪያዋን አነሳች። እሱም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ማዶ በረንዳ ላይ የተሰጣ አንሶላ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ይሰማዋል። ላለመቁጠር ታገለ፤ ስድስት ላይ ሲደርስ ነው እየቆጠረ መሆኑ የታወቀው።