የመሪጌታ ላእከ ማርያም ቀኝ እጅ

ልባዊ አንባቢ ሆይ፥ የሰው ልጅ ሥጋ ከመታዘዝ የተሠራ ረቂቅ መንግሥት መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? ኅሊና ቃል ሳያሰማ ያዝዛል፤ እጅ ይነሣል፥ እግር ይራመዳል፥ ልሳን ያመሰግናል፤ እኛም ይህን ሁሉ እንደ ተራ ነገር ቆጥረን፥ አንድ ቀን ትእዛዙ መንገድ ላይ እስኪቀር ድረስ፥ ስለ መልእክተኛውም ሆነ ስለ ተቀባዩ አንጠይቅም። መታዘዝን አብዝተን እናመሰግናለን፥ ማመስገናችንም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ክፉውንና ደጉን ሳይለይ የመጣለትን ሁሉ የሚቀበል ታዛዥ ራሱንም ጌታውንም ይዞ እንደሚጠፋ፥ እምቢታም አንዳንድ ጊዜ ከመታዘዝ የበለጠ ታማኝነት እንደሆነ፥ ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

በጎንደር አውራጃ፥ በደብረ ስብሐት ቅዱስ ሚካኤል፥ መሪጌታ ላእከ ማርያም የሚባሉ፥ ድምፀ መረዋ፥ ቁመተ ሎጋ፥ ቁጣቸው የሚፈራ ፍቅራቸውም የማይካድ የአቋቋም መምህር ነበሩ። አቋቋም መቋሚያ ተደግፎ፥ ጸናጽል ይዞ፥ በከበሮ ምት ለምስጋና መንቀሳቀስ ነው፤ የዜማው ምልክት በብራና ቢጻፍም፥ ጸናጽል የያዘው አንጓ ምን ያህል ቀጥ እንደሚል፥ ክንዱም የት ደርሶ እንደሚመለስ የጻፈ ማንም የለም። ደቀ መዝሙር ዓይኑን ከመምህሩ እጅ ሳይነቅል ያያል፥ ያየውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ይደግማል፤ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የደብረ ስብሐት ልጆች እጅ ቀጥ ያለ በመሆኑ፥ ሰው ከሩቅ አይቶ «ይህስ የየኔታ ተማሪ ነው» ይል ነበር። ታዲያ በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲገባ፥ የመሪጌታ ቀኝ አንጓ ጸናጽሉን መሸከም አቅቶት ወደ ፊት ይዘነብል፥ የክንዳቸውም ሥጋ ከቆዳው በታች በገዛ ራሱ ይርገበገብ ጀመር። እሳቸው ግን ኩሩ ሰው ነበሩና፥ ለነፍስ አባታቸው እንኳ ሳይተነፍሱ፥ የወደቀውን እጅ ሆን ብለው ያዘነበሉት አስመስለው ማስተማሩን ቀጠሉ።

የእኅታቸው ልጅ ዶክተር ምንትዋብ በከተማው የነርቭ ሐኪም ነበረችና፥ ወሬው ሲደርሳት መጥታ፥ እያጉረመረሙም ቢሆን ወስዳ መረመረቻቸው። «እንደ ሕፃን አታባብዪኝ፤ ያለውን ንገሪኝ» አሏት። እርስዋም ዓይናቸውን እያየች እንዲህ አለች፦ «አጎቴ፥ እንቅስቃሴን የሚያዝዙት የነርቭ ሕዋሳት እየሞቱብዎ ነው። በየሕዋሱ ውስጥ ፕሮቲን የሚባሉ ረቂቃን ሠራተኞች አሉ፤ ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው በወጉ ሲታጠፍ ነው። በዚህ ደዌ ግን አንዱ አስተጣጠፉን ይስታል፤ ሊቃውንቱ እንደሚሉት የሳተው አጠገቡ ያለውንም ያስታል፤ እንዲህ እየተከመሩ ሕዋሱን ያውኩታል። በሕዋሱ ገጽ ላይ ደግሞ ተቀባይ የሚባሉ፥ ከጎረቤት የመጣውን መልእክት የሚያስገቡ በሮች አሉ፤ መልእክቱ ከልክ ሲያልፍ እምቢ ማለትን አያውቁምና፥ ሕዋሱ በተቀበለው ብዛት ይጎዳል። የመልእክቱን ብዛት ጥቂት የሚያበርድ መድኃኒት አለ፤ ፈጽሞ የሚያድን ግን ገና አልተገኘም።» መሪጌታም «ዜማውስ? እሱም ከራሴ ይጠፋል?» አሉ። «በብዙዎቹ ሕሙማን አእምሮ ይተርፋል፤ እጅና እግር፥ ኋላም ድምፅ ነው የሚሄደው» አለቻቸው። «እንግዲያው ይህ ሌባ ዋናውን ሣጥን አላገኘውም» አሉና፥ መድኃኒታቸውን ይዘው ወደ ደብራቸው ተመለሱ።

ልባቸው የተሰበረው ግን በሐኪም ቤት ሳይሆን በገዛ ደጃፋቸው ነው። ደቀ መዛሙርቱ ከወይራው ሥር ተሰልፈው ለኅዳር ሚካኤል ማኅሌት ይለማመዱ ነበር፤ ሁሉም፥ ከታላቁ እስከ ታናሹ፥ ጸናጽሉን ከአንጓው ዘንበል፥ ክንዱን ከመንገድ መለስ ያደርጋሉ፤ ጣታቸውን ሳይቀር በልክ ያንቀጠቅጡታል። የተማሪዎቹ አለቃ ዲያቆን ቀጸላ፥ ጢሙን ያበቀለ ሙሉ ሰው፥ እጅ ነሥቶ በደስታ «የኔታ፥ አዲሱን ስልት ከነርግብግቡ አጠናነው፤ የጎረቤት ደብር ካህናትም ለበዓሉ መጥተን እንቀስመዋለን ብለዋል» አላቸው። መሪጌታም በሰልፉ ያለውን እጅ ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከቱ። ኅዳር ሚካኤል በዚህ እጅ ከተቆመ፥ እንግዶቹ ይዘውት ይሄዳሉ፥ ከዚያ ወዲያ የደብረ ስብሐት ሥርዐት ይህ ነው ይባላል፤ የአባቶች እጅ ጠፍቶ የሳቸው ደዌ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። የሳተው አጠገቡ ያለውን ያስታል ያለችው የእኅታቸው ልጅ ስለ ሕዋስ ብቻ የተናገረች መስሏቸው ነበር። ጥፋቱም የሕመሙ ብቻ እንዳልነበረ፥ ኩራታቸው በሩን እንደ ከፈተለት ያን ጊዜ ገባቸውና አፈሩ።

ከዚያም በሁሉ ፊት፥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፥ «ይህ ስልት አይደለም፤ ደዌ ነው! ደብቄያችሁ ነበር፤ እጄን በቁሜ እየገደለው ነው። ጸናጽሉን ቀጥ አድርጉ!» አሉ። ለቅሶ ሲጀመር «ለእንባችሁ ጊዜ የለኝም!» ብለው ተቆጡ። ነገር ግን የወራቱ ልምምድ የቀድሞውን ልክ ልጆቹን አስረስቷቸው ነበር፤ መሪጌታም እጁ ቀጥ ሲል የት እንደሚደርስ በራሳቸው ክንድ ማሳየት አልቻሉም፤ ስለዚህ ቀጸላን ጠርተው፥ «ክንዴን ያዝ፥ እኔ በቃ እስክልህም አንሣው» አሉት። ቀጸላ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ «የኔታ፥ የመምህሬን እጅ አርም ዘንድ እኔ ማን ነኝ?» አለ። «ይህ እጅ ከእንግዲህ መምህርህ አይደለም» አሉት፤ «መምህርህ እኔ ነኝ፤ እኔም እጄን እምቢ በለው እልሃለሁ።» ያም ጎልማሳ እያለቀሰ ክንዳቸውን ይዞ አነሣ፤ እሳቸውም «ከፍ፥ ገና፥ አሁን በቃ» እያሉ፥ የአባቶቻቸውን እጅ ከማይታዘዝ ሥጋ ውስጥ መዝዘው አወጡት። በየቀኑ እንዲህ ተለማመዱ፤ ቀጸላም ያገኘውን ልክ ለጓደኞቹ አካፈለ።

በበዓሉ ዕለት ዶክተር ምንትዋብ «ከቤት ሆነው ይስሙ» ብላ ብትለምናቸው፥ «ካባዬን አምጪ» አሏት። በሁለት ካህናት ተደግፈው፥ በቀድሞ ቦታቸው፥ ጸናጽሉን በዚያችው በዘነበለች እጅ ይዘው ቆሙ። ከበሮው ሲመታ፥ የመሪጌታ አንጓ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ወደቀ፤ የልጆቻቸው እጆች ግን በአንድነት ቀጥ ብለው ተነሡ። እንግዶቹ ካህናት ደንግጠው፥ «መምህራቸውን በአደባባይ ይቃወማሉ፥ ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» ሲሉ አንሾካሾኩ። መሪጌታ ላእከ ማርያም ሰሙ፤ ምላሳቸው መክበድ ጀምሮ ነበርና ቃሉን እየጎተቱ፥ «እኔ ነኝ ያስተማርኋቸው» አሉ፥ ፊታቸውም በራ። ሕመሙ ከእሳቸው ሥጋ አላለፈም፤ እምቢ ማለትን የሚያውቅ ተቀባይ ያገኘ ትምህርት፥ መምህሩ ቢወድቅ እንኳ አይወድቅምና።