የኪኒን ቀዷ

ሚስባህ ከመርሳ ገበያ ተመልሶ የአጎቱን ደጃፍ ሲረግጥ፣ አያ ሙሐመድዘይን መደብ ላይ ጋደም ብለው በሚስታቸው ይቀልዱ ነበር።

«ምነው ረሂማ፣ ሻሽሽን ቢጫ ነከርሽው? በዚህ ጦርነት መሃል ሙሽራ መሆን አማረሽ?»

«ኧረ ነጭ ነው!» ረሂማ ወደ ሚስባህ ዞረች። «ከትናንት ጀምረው እንዲህ ይላሉ። የቀመሱትም አይረጋላቸው፣ ያስመልሳቸዋል። ያ ከባድ መሣሪያ በውርጌሳ በኩል ሲያጓራ ደንግጠው ነው።»

ሚስባህ አልሳቀም። ነጭ ነገር ለልብ ሕመምተኛ ቢጫ ሆኖ የሚታየው መቼ እንደሆነ ካርቱም ፋርማሲ ሲያጠና ተምሯል። ቁጭ ብሎ የአጎቱን የእጅ አንጓ ያዘ። የደም ሥራቸው ቀስ ብሎ መታ፤ ደግሞ መታ፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ጊዜ አከታትሎ መታ።

«አባባ፣ የልብ ኪኒኑን እንዴት ነው የሚወስዱት?»

«እንዳልከኝ ነዋ።»

«እንዴት አልኩዎት?»

«የወልዲያ መንገድ ተዘግቶ ሳልወስደው ያመለጠኝስ ኪኒን ብልህ ‹ይካካሳል› አላልከኝም? ያመለጠ ሰላት እንዴት እንደሚካካስ መቼም አይጠፋኝ። የዕለቷን ጎህ ሲቀድ ከሱብሒ ሰላት ጋር እወስዳለሁ። ከዚያ በየሰላቱ ኋላ አንድ አንድ ቀዷ አወጣለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ሊያልቅልኝ ነው።»

ሚስባህ ቃሉን አስታወሰ። ያኔ ከሚዘጋ ፋርማሲ ያገኘውን ኪኒን እያቀበላቸው፣ ዓይኑ ግን ወደ ደሴ የምትሄደው የመጨረሻ መኪና ላይ ነበር። የሽማግሌውን ጥያቄ በአንድ ቃል ዘግቶ ሮጠ። መኪናዋም ጥላው ሄደች። ከካርቱም ከተመለሰ ወዲህ እግሩ ከመንገድ ላይ ተነስቶ አያውቅም፤ ሰላቱንም ትቷል። ባይተው ኖሮ፣ ያች ቃል እዚህ ቤት ምን እንደምታደርግ ያውቅ ነበር።

«ኪኒኑ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?» አለች ረሂማ። «በዚህ ሙቀት፣ ጊዜው ያለፈበት ሰጥተውህ እንዳይሆን።»

የማምለጫ በር ተከፈተለት። «ሊሆን ይችላል፣ አክስቴ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ከእንግዲህ አይውሰዱት።»

አያ ሙሐመድዘይን ክንዳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

«ከተበላሸማ የወሰድኩት አይቆጠርም! ሳይታጠቡ፣ ውዱእ ሳይኖር እንደ መስገድ ነው። በል ደህናውን ፈልግልኝ፤ ከሀ እጀምራለሁ።»

ሚስባህ ዓይኑን ከመሬት አነሳ። አሁን ደግሞ ውሸቱ ሊገድላቸው ነው።

«አባባ፣ ኪኒኑ ደህና ነው። የተበላሸው የኔ ቃል ነው። ያመለጠ ኪኒን ቀዷ የለውም። ሲደራረብ ነጩን ቢጫ ያሳያል፣ የልብን ምት ያዛባል፣ ይገድላል። መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው ሳላስብ የመለስኩልዎት። አፉ በሉኝ።»

ረሂማ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ያረቢ!»

«ካርቱም ድረስ ሄደህ፣ ይህችን ሳትነግረኝ!» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ የኪኒኑን ብልቃጥ ከትራሳቸው ሥር አውጥተው መዳፉ ላይ አኖሩለት። «አፉ ብያለሁ። አሁንስ ምን ይሻላል?»

«ሆስፒታል ነበር የሚሻለው። መንገዱ ላይ ግን ተኩስ አለ። መድኃኒቱ ከሰውነትዎ እስኪወጣ መጠበቅ ብቻ ነው።»

«እንግዲያ አብረኸኝ ጠብቃ።»

የከሰዓቱ የአስር ሰላት አዛን ተሰማ። ሽማግሌው ሳያስቡት እጃቸውን ወደ ትራሱ ላኩ፤ መልሰው ሰበሰቡት። ሚስባህ አንጓቸውን እንደገና ያዘ። በውጭ አንድ መኪና አጓራ። ቀና አላለም። ከጣቶቹ ሥር ያቺ የምትቋረጠው ምት ጠፍታ ነበርና፣ እስክትመለስ ይጠብቅ ነበር።