በሰንበሌጥ ሜዳ ሕግ የተጠራባት ዕለት

ማኅበር የሚባለው ነገር፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ በማኅተምና በመተዳደሪያ ደንብ የሚጸና የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ተመለከትሁት፣ ማኅበርን ማኅበር የሚያሰኘው አባላቱ አብረው ያዘኑበትና አብረው የሣቁበት አንድ ቀን ነው። የደብረ ጽባሕ የራግቢ ክበብም እንዲህ ያለ ቀን ነበረው፤ እርሱን ሳልጽፍ ብሞት ዐፅሜ ይወቅሰኛል።

ይህን ጨዋታ ወደ ከተማይቱ ያመጡት የስፖርት መምህሩ ጥሩሰው አንዳርጌ ናቸው፤ እርሳቸውም ለትምህርት ናይሮቢ ከርመው ሲመለሱ፣ ዘመድ አዝማዱ ሽቶና ጨርቅ ሲጠብቅ፣ ከሻንጣቸው እንቁላል የመሰለች አንዲት ኳስ አውጥተው አሳዩ። «ምነው መምህር፣ ይህችማ ታማለች!» ብሎ ያልተሳለቀ አልነበረም፤ በእጅ ይዞ መሮጥ የተፈቀደ፣ ወደ ፊት መወርወር ግን የተከለከለ መሆኑ በተነገረ ጊዜማ ሣቁ ባሰ። ቢሆንም ወራዙቱ ቀስ በቀስ ተሰበሰቡ፤ አለቃቸውም ኮርቻ ሰፊው ምንተስኖት ጓንጉል ሆነ። ኳሷ በእሾህ በተቀደደች ቁጥር ከኮርቻ በተረፈ ቆዳ የሚጥፋት እርሱ ነበርና፣ በሦስተኛው ዓመት ከናይሮቢ ቆዳዋ አንድ መዳፍ ያህል እንኳ አልቀረላትም። በክረምትም አውቶቡሱን ጭቃ ሲይዘው፣ ስምንቱ የፊት ተሰላፊዎች ስክረም በሚሉት ሥርዓት ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይገፉት ነበር፤ ተሳፋሪውም በመስኮት ብቅ ብሎ እልል ይላል።

ይሁን እንጂ የሚጫወቱበት ሰንበሌጥ ሜዳ የከተማይቱ የጋራ ሀብት ነበረና፣ አረጋውያኑ ለከብት ገበያ ሊያደርጉት አሰቡ። የሸንጎው ሰብሳቢ ግራዝማች ይመኑ ወልደ ጻድቅ፣ ቁጣቸው ፈጣን፣ ይቅርታቸውም ከቁጣቸው የፈጠነ ባለ ግርማ ሽማግሌ፣ «ልጆቻችንን ድብድብ የሚያስተምር ማኅበር ነው ይሉኛል፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ መጥቼ በዐይኔ አያለሁ፤ ብልግና ያየሁ እንደ ሆነ ሜዳው የከብት ነው» አሉ። መምህር ጥሩሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላቸው፤ ሌላ ሜዳ የለማ! የከተማይቱ ዙሪያ ገደል ነው።

በተባለው እሑድ ከጎረቤት ከተማ እንግዳ ቡድን መጣ፤ ግራዝማችም ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከሜዳው ዳር ተቀመጡ። የጨዋታውን ሕግ ግን የነገራቸው አልነበረም፤ መምህሩ መስመሩን ሲያስምሩ፣ ወንበሩን ሲያስወለውሉ ይህን ረስተውት ኖሯል። ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር የእኛዎቹ በሁለት ነጥብ ተበልጠው ሳለ ስክረም ተገጠመ፤ ዐሥራ ስድስት ጎልማሳ ራስ ለራስ ተቆላልፎ እየተገፋፋ ሲያጓራ ግራዝማች አዩ። «ኧረ ጉድ! ተፋጁ እኮ!» ብለው ከዘራቸውን ሽቅብ አንሥተው ወደ ሜዳው ገቡ። በዚያችው ቅጽበት ኳሷ ከእግር መካከል ሾልካ ወጣች፤ ከኋላ ሲጠባበቅ የነበረው ምንተስኖትም አፈፍ አድርጎ ሮጠ፤ ከፊቱም ማንም አልነበረም፤ ኳሷን ከማዶ መሬት አስነክቶ አምስት ነጥብ የሚያገኝበት መስመር ሁለት እርምጃ ብቻ ሲቀረው፣ «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ ሜዳውን ሞላው።

ምንተስኖት ቆመ። አንዱን እግሩን እንዳነሣ፣ ኳሷን እንዳቀፈ፣ ቆመ። እንግዶቹም ቆሙ፤ ተቆላልፈው የነበሩትም አንገታቸውን እንደ ደፉ ደረቁ፤ ዳኛው ሳይቀር ፊሽካውን በጥርሱ ነክሶ ቀጥ አለ። በሕግ ስም የተጠራ ሰው ንቅንቅ እንደማይል ሁሉም ከልጅነቱ ያደገበት ነውና። መምህር ጥሩሰው ግን ራሳቸውን ይዘው «ወይ አበሳዬ! አሳርፋት እንጂ፣ አንተ ሰው!» እያሉ ጮኹ፤ ማን ሰምቷቸው!

ግራዝማች እያለከለኩ ደርሰው፣ «በዳዩ ማን ነው? ተበዳዩስ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጠብ አይደለም፣ ግራዝማች፤ ጨዋታ ነው» አለ ምንተስኖት፣ እግሩን ገና ሳያወርድ።

«ጨዋታ ከሆነ ስለ ምን ቆማችሁ?»

«ሕግ ተጠርቶብን እንዴት ብለን እንንቀሳቀስ?»

ግራዝማች እስከ መስመሩ የቀሩትን ሁለት እርምጃ በዐይናቸው ለኩና ወደ ወንበራቸው ሄዱ። ጨዋታው እንደገና ሲጀመር እንግዶቹ ኳሷን ነጠቁ፤ ሰዓቱም አለቀ፤ ክበባችን ተሸነፈ። መምህሩ ሜዳውን በዐይናቸው ሲሰናበቱ፣ ግራዝማች ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «እኔ በዚህ ከተማ ዐርባ ዓመት ዳኝቻለሁ፤ በአንድ ቃል ሠላሳ ሰው ሲቆምልኝ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፤ እነዚህ የሸንጎ ጓደኞቼ እንኳ ዝም የሚሉልኝ ሦስት ጊዜ ስጮኽ ነው። ለከብቱ ሌላ ስፍራ ይፈለግለት፤ ሜዳው የእነዚህ ነው።» እሰይ! የመምህሩ አንጀት ቅቤ ጠጣ፤ ቅድም የጮኹበትን ምንተስኖትን አቅፈው ግንባሩን ሳሙት።

ከዚያ ወዲህ በሰንበሌጥ ሜዳ በየጨዋታው አንድ ጊዜ፣ መቼ እንደ ሆነ ሳይታወቅ፣ ከአረጋውያን አንዱ ተነሥቶ በሕግ አምላክ ይላል፤ ተጫዋቹም ተመልካቹም ባለበት ይደርቃል፤ ቀድሞ የተነቃነቀ ለሁሉም ውኃ ይቀዳል። ግራዝማች በሕይወት ሳሉ ግን ጠሪው እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይህን ማዕርግ ለማንም አላካፈሉም፤ እንግዶቹ ወደ መስመራችን ሲቃረቡ ብቻ ነው ድምፃቸው የሚወጣው ተብለውም ታምተዋል፤ እኔ ግን ሐሜት አልጽፍም። ይህን ብቻ እጽፋለሁ፦ ሰው በጉልበቱ ሜዳ ያቋርጣል፤ ሜዳው ርስቱ የሚሆነው ግን መቆም ባወቀበት ስፍራ ነው።