ቆመው የነዱ ሽማግሌዎች

የብስክሌት ሰዎች ስለ ጦር ካምፑ አዲስ ደንብ ሲያወሩ ጥፋቱን ሁሉ ሞገስ ላይ ይጥሉታል። እውነትም የሞገስ ነው። ሞገስ ግንበኛ ነው፤ ብስክሌቱ ያኔ ፍሬን አልነበራትም፤ ማቆም ሲፈልግ የግራ ጫማውን የፊት ጎማው ላይ ይጭን ነበር። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጠዋት ጫማው አዲስ ሆነና ሶሉ አልይዝ አለ። በካምፑ ቁልቁለት ተወንጭፎ ወረደ፣ ሜዳው ላይ ተሰልፎ የነበረውንም ጦር ለሁለት ከፍሎት አለፈ። ማንም አልተጎዳም። ብቻ አዲስ የተሾሙት አዛዥ በዚያች ደቂቃ ንግግር እያደረጉ ነበር፤ ሞገስም በፊታቸው ሲያልፍ የሚለው ጠፍቶት "እንደምን አደራችሁ" አላቸው።

በሳምንቱ ደንቡ መግቢያው በር ላይ ተለጠፈ። እውነቱን ለመናገር አዛዡ መንገዱን ጨርሰው ሊዘጉት ይችሉ ነበር። ከካምፑ ማዶ ያሉት መንደሮች ዙሪያውን ልሂድ ቢሉ ድንጋዩና ጭቃው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በካምፑ ውስጥ ግን አስፋልት ነውና በሃያ ደቂቃ ደብረ ታቦር ይገባሉ። ስለዚህ ማለፉ ተፈቀደ፣ ሥርዓቱ ግን ጠበቀ። ብስክሌተኛ ሁሉ ቁጥር ያለው የይለፍ ወረቀት ይይዛል፤ ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ ይለብሳል፤ ፍሬኑ ይታያል፤ ስልኩን አጥፍቶ ቦርሳው ውስጥ ይከታል፤ ዕቃውን ያስፈትሻል። ከዚያ በቁጥሩ ተራ፣ አንዱ ከሌላው አሥር እርምጃ ተራርቆ ይነዳል። መቅደም አይቻልም። ጎን ለጎን መሄድ አይቻልም። መውጫው በር ሳይደርሱ መቆምም አይቻልም።

ይህ ደንብ የሙሉቀንን ያህል ያጎሳቆለው ሰው የለም።

ሙሉቀን በከተማው ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ከደንቡ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከሠናይት ጎን ለጎን ነድቷል። ሠናይት ከዱባይ ተመልሳ ሁለት የልብስ ስፌት መኪና ገዝታ ከተማ ውስጥ ሱቅ የከፈተች ልጅ ናት። አባቷ አቶ ጌጡ አናጺ ናቸው፤ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ከኋላ አስረው ሁልጊዜ ከፊት ይነዳሉ። እሷና ሙሉቀን ግን ከኋላ ቀረት ብለው ሃያ ደቂቃዋን በወሬ ይጨርሷት ነበር። ሙሉቀን ነገር አያጣድፍም። ሊላት የፈለገውን አንድ ዓረፍተ ነገር ለሦስት ወር ሲያዘጋጅ፣ ሲሰርዝ፣ ሲያስተካክል ቆይቶ ልክ ሊያልቅለት ሲል ደንቡ መጣ። በስልክ እንዳይላት፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ሲባል አንደበቱ ይተሳሰራል።

የይለፍ ቁጥሩ የተሰጠው በመጡበት ተራ ነበር። አቶ ጌጡ ማንም ሳይነሳ ደርሰው አንድ ቁጥርን ወሰዱ፤ ሠናይት ሁለት ሆነች። ሦስት ጋሽ ውባንተ፣ አራት ሞገስ፣ አምስት ፈንታነሽ። ሙሉቀን ደንቡን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሲጨርስ ስድስት ደረሰው። ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ የሚያየው የሠናይትን ጀርባ እንኳ ሳይሆን የፈንታነሽን ነው።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የገብሱ ቃርሚያ ላይ ያደረው ውርጭ ገና ሳይቀልጥ፣ መግቢያው በር ላይ ተሰልፈው ሳለ ወታደሮቹ የአቶ ጌጡን መላጊያና መጋዝ እያገላበጡ ያዩ ነበር። ሠናይት ብስክሌቷን ለጋሽ ውባንተ አስያዘችና ወደ ኋላ መጣች።

"እኔን ለመጠየቅ ከይፋግ የመጡት ሽማግሌዎች መውጫው በር ላይ አባዬን ይጠብቁታል" አለችው። "ዛሬ ቃሉን ይሰጣቸዋል።"

የሙሉቀን ዓረፍተ ነገር ከነአራት ነጥቡ ከራሱ ውስጥ ጠፋ።

"አንቺ ምን አልሽ?"

"ሌላ የጠየቀሽ አለ ወይ አለኝ። ካለ ይምጣ፣ ከሌለ ሦስቴ የተመላለሰን ሰው ባዶ እጁን አልመልስም አለ።" ዓይኑን እያየች ጠበቀችው። "አለ?"

"ማን?"

"ሙሉቀን፣ አለ ወይ ነው የምልህ።"

"አለ" አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነበት።

"እንግዲህ አባዬ አልሰማም" አለችና ተራዋ ስለደረሰ ሄደች።

ከዚህ በር እስከዚያ በር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ሙሉቀን ግራ ቀኙን ቢያይ ሊላኩለት የሚችሉት በእሱና በሠናይት መካከል ያሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ወደ ጋሽ ውባንተ ጠጋ አለ። ጋሽ ውባንተ የቀድሞ መምህር ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ይጽፋሉ። ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱለት ለመናቸው።

"መቼ?"

"አሁን፣ ጋሼ። እዚሁ መንገድ ላይ።"

ጋሽ ውባንተ ካልሲያቸው ውስጥ የከተቱትን ሱሪና ቢጫውን ሰደርያ አዩ። ለአማላጅነት የሚሄድ ሰው ጋቢ ይለብሳል እንጂ የመንገድ ሠራተኛ መስሎ አይሄድም አሉ። ደግሞም ሽማግሌ ሦስት ነው። ሞገስ ይህን ሲሰማ ራሱን ሁለተኛ አድርጎ ቆጠረ፤ ልጆቹን ያለያያቸው እሱ ስለሆነ ሊያገናኛቸውም የሚገባው እሱ ነው። ሦስተኛዋ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ፈንታነሽ ሆነች፤ ጋሽ ውባንተ ግን አልተዋጠላቸውም።

"ሴት ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።"

"ጋሼ፣ በብስክሌት የሚላክ ሽማግሌስ አይተው ያውቃሉ?"

ጋሽ ውባንተ ጥቂት አሰቡና እሺ አሉ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁ። ጋቢው ቢቀር ይቅር፣ ሥርዓቱ አይጓደልም። ጉዳዩ እሺ ሳይባል ማንም አይቀመጥም።

"ምኑ ላይ ነው የማንቀመጠው?" አለ ሞገስ።

"ኮርቻው ላይ።"

ወታደሩ ሦስት ቁጥርን ጠራ። ጋሽ ውባንተ ፔዳሉን ረገጡ፣ ተነሡ፣ ቆመው ሄዱ። ቀጥሎ ሞገስ ቆሞ ሄደ። ፈንታነሽም ቆማ ተከተለች። ሙሉቀን ብቻ ተቀመጠ፤ ጠያቂው ራሱ መቆም እንዳለበትና እንደሌለበት የነገረው አልነበረም።

ግማሹ መንገድ ዳገት ነው። በዳገት ሁሉም ሰው ቆሞ ስለሚነዳ ማንም አላስተዋለም። ዋናው ሕንፃ አጠገብ ዳገቱ አልቆ ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ነገሩ ታየ። አቶ ጌጡ ተቀመጡ፤ ሠናይት ተቀመጠች፤ ከእሷ በኋላ ሦስት ቢጫ ሰደርያዎች ነፋስ ሞልቷቸው ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ጋሽ ውባንተ አርባ ዓመት ክፍል ውስጥ ባሰለጠኑት ድምፅ በልጅቷ ራስ ላይ አሻግረው ተጣሩ።

"አቶ ጌጡ፣ እንደምን አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ አቶ ጌጡ ወደ ፊት እያዩ። "በሩ ላይ ሰላም ተባብለን የለም እንዴ?"

"ያ የጎረቤት ሰላምታ ነው። ይኼ የሽማግሌ ነው።"

አቶ ጌጡ መሪያቸው ላይ የባጃጅ መስታወት አስረዋል። አሁን ወደ እሱ አዩ። የሚያዩትን ለማመን መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ወለወሉት። ብስክሌታቸው ትንሽ ተንገዳገደች፤ ሊያቆሙ ፈልገው ነበር፣ መቆም ግን ክልክል ነው፣ በየመብራት ምሰሶው ሥርም ወታደር አለ። ሠናይት በመካከል አንገቷን ደፍታ ትነዳለች። በደህና ጊዜ ቢሆን ጓዳ ገብታ በግድግዳ ቀዳዳ የምትሰማውን ነገር አሁን በጆሮዋ ግራና ቀኝ እያለፈ ትሰማዋለች። ሙሉቀን ከኋላ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አየ። ማልቀሷ ይሁን መሳቋ አልታወቀውም።

ጋሽ ውባንተ ነገሩን በሥርዓቱ ከፈቱት። ሰው ከሰው እንደሚዛመድ፣ አቶ ጌጡ የተከበሩ ሰው እንደሆኑ፣ እነሱም ትልቅ ነገር ይዘው እንደመጡ እየተነፈሱ ተናገሩ። በዚያ መካከል ሜዳው ጥግ ላይ ቆሞ የነበረው ሃምሳ አለቃ አዲስዓለም ፊሽካውን ነፋ። የጋይንት ልጅ ነው፤ ለደንቡ ጥብቅ ነው፤ በቁልቁለት ቆሞ የሚነዳ ሰው ግን አይቶ አያውቅም።

"እናንተ ሦስታችሁ፣ ተቀመጡ።"

"ይቅርታ አድርግልን፣ ሃምሳ አለቃ" አሉ ጋሽ ውባንተ ሳይዞሩ። "ገና አልተፈቀደልንም።"

"እኔ ፈቀድኩ አይደል?"

"አንተ የልጅቷ አባት አይደለህም።"

ሃምሳ አለቃው ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ሦስቱን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ከፊት ያሉትን ሰውዬ አየ። ከዚያ ቆቡን በእጁ ያዘና በመንገዱ ዳር አብሯቸው መሮጥ ጀመረ፤ ደንቡ ስለሚሮጥ ወታደር የሚለው ነገር የለም።

አቶ ጌጡ ግን የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። የይፋጎቹን ሦስት ሳምንት አመላልሰዋል፤ እነዚህን በሦስት ደቂቃ እሺ ማለት ልጅን ማርከስ መሰላቸው። ልጁ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሙሉቀን ይሻው፣ ስድስት ቁጥር፣ ተባሉ። የት አገር ሰው ነው? ከጉና። እንግዲያው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርልኝ፣ ዘመድ እንዳይሆን አሉ። ጠያቂ ስለ ራሱ አይናገርምና ፈንታነሽ ወደ ኋላ ዞር ብላ ከሙሉቀን እየተቀበለች ወደ ፊት ታቀብል ጀመር። ይሻው ዋልልኝ፣ ዋልልኝ እንግዳ፣ እንግዳ ወርቁ፣ ወርቁ ተሰማ። ሙሉቀን ተሰማ ላይ ደረሰና አለቀበት። የቀሩትን የሚያውቁት ጉና ላይ ያሉት አባቱ ናቸው፤ ስልኩ ደግሞ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ነው።

"ቀጥል" አለችው ፈንታነሽ፤ ቆማ መንዳት አድክሟታል።

"አላስታወስኩም።"

በዚህ መካከል ሞገስ ችግር ላይ ወደቀ። ለደንቡ ብሎ ያስገጠመው አሮጌ ፍሬን በር ላይ ሲፈተሽ ይይዛል፤ በቁልቁለት ግን ያፏጫል እንጂ አይይዝም። የለመደውን እንዳያደርግ፣ ግራ እግሩን ጎማው ላይ ለመጫን መቀመጥ አለበት። ከጋሽ ውባንተ ጋር የነበረው አሥር እርምጃ ስድስት ሆነ፣ አራት ሆነ።

"አቶ ጌጡ" አለ ሞገስ በትሕትና፣ "አላጣደፍዎትም። ግን እኔ እየመጣሁ ነው።"

"አባባ፣ አንድ ነገር ይበሏቸው" አለ እያለከለከ የሚሮጠው ሃምሳ አለቃ።

መውጫው በር ታየ። ከብረቱ ማዶ ሦስት ነጫጭ ጋቢዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ሙሉቀን ዓይኑን ከእነሱ ላይ ማንሳት አቃተው።

"ከእኔ በቀር ዘሬ ከፎገራ ሜዳ ወጥቶ አያውቅም" አሉ አቶ ጌጡ በመጨረሻ። "ጉና ብርድ ላይ ማን ሊዛመድ ወጥቷል? ዘሩ ይቅር።" ወደ መስታወቱ አዩ፤ አሁን ያዩት ሽማግሌዎቹን አልነበረም። "ሠናይት፣ አንቺ ምን ትያለሽ?"

ሙሉቀን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የኖረው መልሷን ለመስማት መሰለው።

"ተቀመጡ በላቸው፣ አባዬ" አለች ሠናይት። "ጉልበታቸው አለቀ።"

አቶ ጌጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ተቀመጡ።"

ሦስት ኮርቻዎች በአንድ ላይ ሲጥጥ አሉ። የሞገስ ግራ ጫማ ጎማው ላይ አረፈ፣ ብስክሌቷ ከጋሽ ውባንተ የኋላ ጎማ አንድ ክንድ ሲቀራት ዘገየች። ሃምሳ አለቃው መሮጡን አቁሞ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈና ሳቁን ለቀቀው። ከሙሉቀን በኋላ የሚነዱት አሥራ ሁለት ሰዎች ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እነሱም ሳቁ።

በሩ ላይ አቶ ጌጡ ወርደው ፈረሙ፣ ሳጥናቸውን አቃኑ፣ ወደ ይፋጎቹ ሄደው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ሙሉቀን ቃሉን ሁሉ አልሰማም፤ ይቅርታ ሲጠይቁ ግን አየ። ትልቁ የይፋግ ሽማግሌ ቤትዎ ደጃፍ እኛን የቀደመ ሰው አላየንም፣ ሌሎቹ መቼ መጡ ብለው ጠየቁ። አቶ ጌጡ ወደ ሦስቱ አመለከቱ። ጋሽ ውባንተ የበሩን ብረት ይዘው ቆመዋል፤ ፈንታነሽ መሬት ላይ ተዘርግታ ቁርጭምጭሚቷን ታሻለች፤ ሞገስ የጫማውን ሶል ያጤናል።

"ከዋናው ሕንፃ ጀምሮ ቁልቁለቱን ሁሉ ቆመው መጡ" አሉ አቶ ጌጡ።

ሽማግሌው ቁልቁለቱን ወደ ላይ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው፣ እኛ በሚኒባስ ነው የመጣነው አሉና ጋሽ ውባንተን ደግፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው።

ሙሉቀን ስድስተኛ ነውና ተራው እስኪደርስ ጠበቀ። መዝጋቢው ወታደር ወረቀቱን አገላብጦ፣ ፊቱን ከፎቶው ጋር አስተያይቶ፣ ፎቶው ላይ ያለው ሰው አይስቅም አለው። ሙሉቀን ለመኮሳተር ሞከረ፤ ሊሳካለት አልቻለም፤ ወታደሩም ትቶት አሳለፈው።

ሠናይት ከበሩ ማዶ ብስክሌቷን ይዛ ቆማለች። ደንቡ እዚያ አይደርስም። ጎን ለጎን ሆነው ወደ ከተማው መንዳት ጀመሩ፤ ሙሉቀንም ያቺን ዓረፍተ ነገር ፈለጋት፣ አላገኛትም፣ ፍለጋውንም ተወው። ያወራችው እሷ ናት። ሠርጉ ለጥር ይደርሳል ወይስ ከፋሲካ በኋላ ይሁን፣ ጋሽ ውባንተ ዛሬ ማመልከቻ ለመጻፍ እግራቸው ያደርሳቸዋል ወይ፣ ሞገስ ለሠርጉ በብስክሌት እንዳይመጣ ማን ይንገረው እያለች እስከ ሱቋ በር ድረስ ሳታቋርጥ አወራች።